ከጎዳና ልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው የትኛው ማስተርስ ይሻላል?

የቂርቆሷ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ከረዘመ ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሶሾሎጂ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆች ቀን ቀን እየመጡ የሚታጠቡበት፣ ምሳ የሚበሉበትና ፊደል የሚቆጥሩበት ማዕከል ውስጥ እሠራለሁ። ከስምንት ዓመት ልጅ ጀምሮ እስከ አሥራ ሰባት ድረስ አሉ። አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፤ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ወርደው እዚያው አካባቢ የቀሩ። ሊስትሮ የሚሠሩ አሉ፣ ዕቃ የሚሸከሙ አሉ፣ ማስቲሽ መሳብ የለመዱም አሉ።

ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ደግነት ብቻውን እንደማይበቃ በየቀኑ እያየሁ ነው። በቅርቡ የአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቤተሰብ አገኘን። እናቱ በስልክ እያለቀሰች "ልጄን መልሱልኝ" አለች። ልብስና ጫማ ተገዛለት፣ ትኬት ተቆረጠ። በዋዜማው ማዕከሉ ሊዘጋ ሲል ጠጋ ብሎ "ለእናቴስ ምን ይዤ ነው የምገባው?" አለኝ። "አንተን ነው የምትፈልገው" አልኩት። ዝም አለ። በነጋታው መናኸሪያ ቆመን ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ልጁ ከቤት የወጣው ሠርቶ ብር ሊልክላት ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዴት እንደሚይዙት መማር እፈልጋለሁ። ከፊቴ ያሉት ሦስት ናቸው። ሶሻል ወርክ፣ የእድገት ሳይኮሎጂ፣ ወይ ደግሞ ካውንስሊንግ። ቤተሰቦቼ በበኩላቸው "ፕሮጀክት ማኔጅመንት ተማሪና ደሞዝሽ ይደግ" ይሉኛል። መሥሪያ ቤቴ ሥራዬን ካልለቀቅኩ ከክፍያው የተወሰነውን ሊሸፍንልኝ ይችላል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

አለቃ_ከፋ | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ እኔ ኤንጂኦ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሥራ ማስታወቂያዎቹን አንብቢያቸው። "በሶሻል ወርክ፣ በሶሾሎጂ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በተዛማጅ ሙያ" ነው የሚሉት። ሁሌም "ተዛማጅ" አለ። ስለዚህ የዲግሪው ስም ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ፕሮፖዛል መጻፍና በጀት መያዝ መቻልሽ ነው። ቤተሰቦችሽ ያሉሽ ነገር ከንቱ አይደለም።

ስድስት_ኪሎ | ረቡዕ ጠዋት

ጋሽ ከፋ፣ ስለ ማስታወቂያው ልክ ነዎት። ስለ ትምህርቱ ግን አልስማማም። ልጅቷ የጠየቀችው እንዴት እንደምትቀጠር ሳይሆን ያንን ልጅ እንዴት እንደምትይዘው ነው።

የቂርቆሷ፣ እኔ ሶሻል ወርክ ነው የተማርኩት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ። ተመልሶ በማስተርስ ደረጃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ቺካጎ ያለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያግዝ ነበር። ይህን ታሪክ የማነሳው ለጌጥ አይደለም። በመሃል ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አዲስ ባለሙያ አልወጣም ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ተማሪን መስክ ላይ ይዞ የሚያሠለጥን፣ ራሱ በሙያው ያረጀ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ክፍል ውስጥ የሚያስተምር አለ። ቀበሌ ድረስ አብሮሽ ሄዶ "እዚህ ጋ ለምን ዝም አልሽ?" ብሎ የሚጠይቅሽ ግን ብርቅ ነው።

ለኔ የምርጫው ቁልፍ ይሄ ነው። ሶሻል ወርክም በይው ሳይኮሎጂ፣ ከመመዝገብሽ በፊት ዲፓርትመንቱን ጠይቂ። የመስክ ልምምዱ የት ነው? ስንት ሰዓት ነው? የሚከታተለኝ ማን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኘኛል? መልሱ "ራስሽ ድርጅት ፈልገሽ ደብዳቤ ታመጫለሽ" ብቻ ከሆነ ቆም ብለሽ አስቢ። ብዙ ሰው ልምምዱን የሚጨርሰው ፎርም አስሞልቶ ነው። ወረቀቱን ያገኛል፤ ያንን ልጅ ግን አሁንም መያዝ አይችልም።

ጥሩ ሱፐርቫይዘር ምን እንደሚያደርግ በራስሽ ኬዝ ላሳይሽ። ፋይልሽን ይዘሽ ቁጭ ትያለሽ። "ልጁ ቃል በቃል ምን አለ?" ይልሻል። "ለእናቴስ ምን ይዤ ነው የምገባው?" ብሏል። "ይህ ጥያቄ ነው ወይስ እምቢታ?" ይልሻል። ከዚያ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ከቤት ሲወጣ ማን ላከው? የላከው ሰው አለ ወይስ በራሱ ወጣ? እናቱ በስልክ አለቀሰች፤ እሺ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? እንጀራ አባት አለ? ልጁ ከመሄዱ በፊት ያርሰው የነበረውን መሬት፣ የሚጠብቀውን ከብት አሁን ማን ያዘ? ቤቱን ሄዶ ያየው ሰው አለ?

ቤተሰብ መልሶ ማቀላቀል ላይ ትኬቱ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሥራ አለ። ልጁ ከእናቱ ጋር ደጋግሞ በስልክ ይነጋገራል። ሰው ሄዶ ቤቱን ያያል። ለእናቲቱ ዶሮም ይሁን በግ፣ ትንሽ መነሻ ነገር ሲሰጥ ልጁ አብሮ እንዲያውቅ፣ ከተቻለም በሱ እጅ እንዲደርስ ይደረጋል። ያኔ ባዶ እጁን አይገባም። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያም እየቆየ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል፦ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ፣ ወይም የመንደሩ እድር። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ። ግን መጽሐፉን ካንቺ ልጅ ጋር የሚያገናኝልሽ ሰው ካላገኘሽ መጽሐፍ ሆኖ ነው የሚቀረው።

የቂርቆሷ | ረቡዕ ቀትር

ስድስት ኪሎ፣ እግዜር ይስጥህ። "በሱ እጅ እንዲደርስ" ያልከው ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል። ልጁ በነገራችን ላይ ሰፈር ውስጥ ታይቷል፤ ጓደኞቹ ደህና ነው ብለውኛል።

አንድ ጥያቄ፦ ሶሻል ወርክ ልጆች ላይ ብቻ አይደለም አይደል? ስለ አረጋውያን፣ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ፖሊሲ ሁሉ ትማራላችሁ ይባላል። እኔ የምፈልገው ልጆችን ነው። ለዚህ ነው ሳይኮሎጂውም የሚያጓጓኝ።

የጎንደሩ | ረቡዕ ማታ

እዚህ ጋ እኔ ልግባ። ሳይኮሎጂ ነኝ።

ሳይኮሎጂ ስትዪ መጀመሪያ ከፋፍለሽ እዪው። የእድገት ሳይኮሎጂ ማስተርስ በብዛት ጥናት ላይ ያተኮረ ነው። ልጅ በየዕድሜው እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት ከሰው ጋር እንደሚጣበቅ፣ ጉርምስና ምን እንደሚያመጣ በደንብ ታውቂበታለሽ። ግን ጨርሰሽ ስትወጪ "አሁን ይህን የተሰበረ ልጅ ልታከሚ ትችያለሽ" የሚልሽ የለም። ማከም የምትፈልጊ ከሆነ መንገዱ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው። ካውንስሊንግ መሃል ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው በጣም ይጠቅማል።

ግን ሳይኮሎጂን አታጣጥዪው። እኔን የጠቀመኝን ልንገርሽ። ጎዳና ላይ ያለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሒሳብ ላይ ከኔ ይፈጥናል። ብር ይቆጥራል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ታናናሾቹን ያበላል። ያንን ያየ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ያናግረዋል። ያው ልጅ ግን ማታ ላይ ጨለማ ይፈራል፣ ሲቆጡት ይደነግጣል፣ የነገውን ትቶ ዛሬን ብቻ ያስባል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ አይቶ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል።

ጓደኞቹም አሉ። በዚህ ዕድሜ ጓደኛ ቤተሰብን እየተካ ይሄዳል። ለጎዳና ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ብርድ ልብሱም፣ ጠባቂዎቹም፣ ምግቡም ናቸው። እኛ "ወደ ቤተሰብ መለስነው" ስንል እሱ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ትቶ እየሄደ ነው። ከመሄዱ በፊት ጓደኞቹን የሚሰናበትበት ጊዜ መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም።

ማስቲሹንም እንደ ዱርዬነት አትዪው። ረሃቡንና ብርዱን ያደነዝዝላቸዋል። ውስጡ ያለው ቶሉኢን የሚባለው ኬሚካል ግን አንጎልን ይጎዳል። የማስታወስና ነገርን አተኩሮ የመከታተል ችሎታ ይቀንሳል። ፊደል ስታስተምሪው ትናንት ያወቀውን ዛሬ ከረሳ ስንፍና ነው ብለሽ አትደምድሚ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የውጭ አገር የአእምሮ መለኪያ ፈተና ተርጉመው ልጆችን "ይህን ያህል ነጥብ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለአሜሪካ ልጅ የተሠራ መለኪያ አውቶቡስ ተራ ላለ ልጅ ምን እንደሚለካ ሳይታወቅ ውጤቱ ፋይል ውስጥ ይገባና ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ማስተርስ የምትማሪው እንዲህ ያለውን ነገር ማስቆም እንድትችዪም ጭምር ነው።

ልደታ_አካባቢ | ሐሙስ ጠዋት

እኔ ፍርድ ቤት ውስጥ የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ። ስለዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ትንሽ ልበል።

የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎቶች ላይ ሶሻል ወርከሮች አሉ። ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጁ ከማን ጋር ይሁን የሚለውን ዳኛው ከመወሰኑ በፊት እኛ ሁለቱንም ቤት እናያለን፣ ልጁን እናነጋግራለን፣ ሪፖርት እንጽፋለን። ወንጀል ላይ ደግሞ ለልጆች ተስማሚ ችሎት አለ፤ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ፣ በካሜራ ይመሰክራል። ጥያቄው በቀጥታ ወደሱ አይሄድም። አጠገቡ ያለው ባለሙያ ነው በሚገባው ቋንቋ የሚጠይቀው።

እዚህ ሥራ ላይ ሕጉን ማወቅ ግዴታ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ የተለየ እርምጃ ነው የሚወሰድበት፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ያንቺ ልጆች ለቃሚ ሲመጣ፣ አፈሳ ሲኖር፣ ጣቢያ ሲገቡ ይህን የሚናገርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጎዳና ላይ ያለ ልጅ የልደት ወረቀት የለውም። አሥራ አምስት ይሁን አሥራ ስድስት የሚወሰነው በግምት ነው። በዚያች በአንድ ዓመት ልዩነት ስንት ነገር እንደሚቀየር አስቢው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ደኅንነት ነው ይላል። ይህን አንቀጽ በቃል ያዥው።

ማስተርሱ የጠቀመኝ ከሁሉ በላይ ሪፖርት አጻጻፍ ላይ ነው። "ልጁ አባቱን ይፈራል" ብለሽ ብትጽፊ ዳኛው "ማን አለ? ልጁ ነው ወይስ አንቺ?" ይልሻል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል፦ "የአባቱ ስም ሲጠራ ልጁ መናገር አቁሞ ወደ በሩ ተመለከተ። 'እሱ ጋ አልሄድም' አለ።" ያየሽውን ከገመትሽው፣ የሰማሽውን ከደመደምሽው መለየት ነው። ይህን ለመልመድ የሚያርምሽ ሰው ያስፈልጋል። ስድስት ኪሎ ያለው ልክ ነው።

ሌላ ነገርም አለ። በ2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ወላጅ የሌለው ልጅ የሚያድገው እዚሁ አገር ውስጥ ነው፦ ዘመድ ጋ፣ አደራ ቤተሰብ ጋ፣ በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ወይም በማሳደጊያ። የሚያሳድገውን ቤተሰብ ሄዶ የሚገመግም፣ ከዚያም የሚከታተል ሰው ይፈለጋል። ይህን ሥራ በብቃት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ልጆች ላይ ብቻ መሥራት ከፈለግሽ ሶሻል ወርክ ውስጥም ቦታው አለልሽ።

አለቃ_ከፋ | ሐሙስ ቀትር

ሁላችሁም የምትሉት ያምራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ማስተርስ ከያዙት ውስጥ ስንቱ ነው ዛሬ ከልጆቹ ጋር ያለው? እኔ የማያቸው ሁሉ ዲግሪውን በያዙ ማግስት ኮኦርዲኔተር ይሆናሉ፣ ከዚያ ማናጀር፣ ከዚያ ቦሌ ቢሮ። ልጆቹን ፊት ለፊት የሚያገኘው ያው አዲስ ተመራቂ፣ በትንሽ ደሞዝ፣ በስድስት ወር ኮንትራት ነው። የልጆቹ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ልጅ ሦስት ማዕከል ገብቶ ሦስት ስም ነግሮ ይወጣል፤ የሚያውቀው ሰው ስለማይቆይ ማንም አይነቃም። እና ማስተርሱ ለልጆቹ ምን ጨመረላቸው?

ስድስት_ኪሎ | ሐሙስ ማታ

ጋሽ ከፋ፣ ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኔንም ያሳዝነኛል።

ግን ችግሩ ትምህርቱ አይደለም፤ የደሞዝ እርከኑ ነው። ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው የሚያድግበት ደረጃ ድርጅቶቻችን ውስጥ የለም። ማደግ ማለት ከልጁ መራቅ ሆኗል። የሠለጠነ ሰው ግን አዲሶቹን ይዞ መቆየት ይችላል። ለዚህም ነው የቂርቆሷን ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ የምላት። ክፍያሽን ሲሸፍኑ "ስጨርስ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ" ብለሽ ትፈርሚያለሽ። እነሱም "ስትጨርሺ ኬዝ ሠራተኞችን የምትከታተይ ሱፐርቫይዘር ትሆኛለሽ፣ የራስሽም ልጆች ይኖሩሻል" ብለው ይፈርሙልሽ። ውሉ ሁለቱንም ይሰር።

አለቃ_ከፋ | ሐሙስ ማታ

በዚህስ እስማማለሁ። በጽሑፍ ይሁን ግን። ዳይሬክተር ይቀየራል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ

ከአሜሪካ ነኝ፣ ሜሪላንድ። እዚህ ያላችሁ ወይም ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማል።

እዚህ የሶሻል ወርክ ማስተርስ የሚጸድቀው የመስክ ልምምዱ ቢያንስ 900 ሰዓት ሲሆን ነው። ብሔራዊው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ያወጣው መለኪያ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘለው ነገር አይደለም። ፈቃድ ያለው ሱፐርቫይዘር አለሽ፣ በየሳምንቱ ታገኚዋለሽ። እላይ የተባለውን ሁሉ ሳነብ ልዩነቱ እዚህ ላይ እንደሆነ ነው ያየሁት። እዚያም በጣም ጎበዝ መምህራን አሉ፤ ሰዓቱን የሚያስከብር አካል ነው የጎደለው።

ለወጪው፣ ታይትል አራት ኢ የሚባል የፌዴራል ገንዘብ አለ። በብዙ ስቴቶች ትምህርት ክፍያሽን ወይም ኑሮሽን ይደግፋል፤ ስትጨርሺ በመንግሥት የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለተወሰነ ጊዜ ታገለግያለሽ። ብዙ አበሻ ይህን አያውቅም። ከአገር ቤት የሶሻል ወርክ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ያው ምክር ቤት የውጭ ዲግሪ ይገመግማል፤ ከባዶ አትጀምሩ።

የእኛ አገር ልጆች በዚህ ሙያ በጣም ያስፈልጋሉ። አንድ አበሻ ቤተሰብ ላይ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ሲመጣ ቤቱ ይደነግጣል። አባትየው እንግሊዝኛው አይበቃውም፣ አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ አንዳንዴ የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ ይሆናል። ልጅ በአባቱ ላይ የቀረበን ክስ ለአባቱ ሲተረጉም አይቻለሁ። ቁንጥጫን እዚህ አገር ሕጉ እንዴት እንደሚያየው ቀድሞ ያስረዳቸው ሰው ቢኖር ስንቱ ቤት እዚህ ሳይደርስ በቀረ።

መምህርት_የኬጂ | ዓርብ

ጥያቄ ልሰርቅ ነው፣ ይቅርታ። እኔ ኬጂ ርዕሰ መምህርት ነኝ። በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ሆኗል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም እየከፈቱ ነው። ለታናናሾቹ የሚሆን ማስተርስ አለ?

የጎንደሩ | ዓርብ

መምህርት፣ አለ። የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲንም ጠይቂ፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ሲያሠለጥኑ የቆዩ ናቸው። ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ስትሠሪ ጨዋታው ራሱ ትምህርቱ እንደሆነ የሚገባቸው ሰዎች ጋ ሂጂ። አርባ ልጅ አንድ ክፍል አጨናንቀው ሀ ሁ ሲያስጮሁ የሚውሉበትን ነገር የሚቀይሩት እንዳንቺ ያሉ ርዕሳነ መምህራን ናቸው።

የልጄ_እናት | ቅዳሜ

እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ እናት ነኝ። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማር፣ ለኦቲዝም ልጆች የሚሆነውን የጆይ ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 ባትከፍት ኖሮ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ቤት ቆልፈን እንኖር ነበር። ቦታው ግን አይበቃም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ልጆቼ፣ ስትማሩ የኛንም ልጆች አስቡ። መናገር የማይችል ልጅ ጎዳና ላይም አለ። ጠፍቶ የሚቀር አለ፤ ስሙን መናገር አይችልም፣ ማንም አይመልሰውም።

ልደታ_አካባቢ | ቅዳሜ

እናቴ፣ እውነትዎን ነው። ጠፍተው ፖሊስ ጣቢያ ከሚመጡት ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ፤ እኛ ጋም ደርሰዋል። ልጅዎ አንገቱ ላይ ወይም ልብሱ ውስጥ ስምና ስልክ ይኑረው። የቂርቆሷ፣ ኮርስ ምርጫ ሲኖርሽ አንዱን ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ውሰጂ፤ ብዙ ጊዜ ዲፓርትመንቱ ከፈቀደ ይቻላል።

ሊዝበን_የነበርኩ | ቅዳሜ ማታ

ስለ ውጭ ስኮላርሺፕ ማንም ስላላነሳ፦ ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ውስጥ ኤምፋሚሊ የሚባል፣ በቤተሰብና በልጆች ላይ ያተኮረ የሶሻል ወርክ ማስተርስ አለ። ሊዝበን፣ ጎተንበርግ፣ ስታቫንገር እያልሽ አገር እየቀየርሽ ነው የምትማሪው። የካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲም ከተባባሪዎቹ ውስጥ ነበር። የኢራስመስ ፕሮግራሞች በየዙሩ ይታደሳሉና ከማመልከትሽ በፊት ስኮላርሺፑ በዚያ ዓመት ክፍት መሆኑን አረጋግጪ።

የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቼቬኒንግም አለ። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ያንቺ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ቼቬኒንግ የሚከፍለው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሶሻል ወርከር ሆኖ ለመመዝገብ የሚያበቃው ማስተርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ በቼቬኒንግ የሚሄድ ሰው ስለ ልጆች መብትና ፖሊሲ ይማራል እንጂ የመስክ ልምምዱን በሙሉ አያገኝም። ከጨረስሽ በኋላም አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት አለብሽ። አስበሽ ምረጪ። መስክ ነው የምፈልገው ካልሽ የሁለት ዓመቱ ይሻላል።

የቂርቆሷ | እሑድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። አንብቤ አንብቤ ጨረስኩት።

ወስኛለሁ። ለጊዜው አገር ውስጥ፣ ሶሻል ወርክ። ለመግቢያ ፈተናው፣ ለጋት፣ መዘጋጀት ጀምሬያለሁ፤ ሒሳቡ ነው የሚያስፈራኝ። ነገ ዲፓርትመንቱ ሄጄ ስድስት ኪሎ ያለኝን ጥያቄዎች እጠይቃለሁ፦ ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት። ከዳይሬክተሬ ጋር ደግሞ ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን እጠይቃለሁ፣ ጋሽ ከፋ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ለመመረቂያ ጥናቴ እዚሁ ማዕከላችን ያሉትን ልጆች ባጠና ምን ይመስላችኋል? ያውቁኛል፣ ያምኑኛል። ሌላ ቦታ ብሄድ አይነግሩኝም።

ልደታ_አካባቢ | እሑድ

የቂርቆሷ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሲያምኑሽ ነው ችግሩ። ምሳ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። "ቃለ መጠይቅ ትሰጠኛለህ?" ስትዪው እምቢ ብል ነገ ምሳ እቀራለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ባያስብም አንቺ ማወቅ አትችዪም። የነገረሽ ነገር ጥናቱ ላይ ይውላል ወይስ ፋይሉ ላይ? "ሰው ደፈረኝ" ቢልሽ ተመራማሪ ሆነሽ ትጽፊዋለሽ ወይስ ሠራተኛ ሆነሽ ሪፖርት ታደርጊያለሽ? ሪፖርት ማድረግ አለብሽ፤ ያንን ደግሞ ከመጀመሪያው ልትነግሪው ይገባል።

ከቻልሽ ሌላ ማዕከል አጥኚ። ካልሆነም ያንቺን ልጆች ሌላ ሰው ይጠይቅልሽ፤ አንቺ ስም የሌለበትን ጽሑፍ ብቻ እዪ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይወጣ አንድም ልጅ አታናግሪ። አሳዳጊ ለሌለው ልጅ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጪ። ልጁ ራሱም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት እሺ ማለት አለበት። መሃል ላይ "በቃኝ" ቢል ያበቃል።

ስድስት_ኪሎ | እሑድ ማታ

የልደታዋ እንዳለችው ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ልጣልልሽ። ልጆቹን ትተሽ የተመለሱበትን ቤት አጥኚ። ከጎዳና ተመልሰው ቤታቸው የቆዩት ልጆች እናቶች ምን አደረጉ? ያልቆዩትስ? ወላጆቹን ነው የምትጠይቂው። ለመሥሪያ ቤትሽም ይጠቅማል፣ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ምን ማየት እንዳለባቸው ያውቁበታል። የጥናት አማካሪ ስትመርጪ ቤተሰብ ላይ የሠራ ሰው ፈልጊ። ለጋቱ ሒሳብ ደግሞ የድሮ ጥያቄዎች አሉኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።

የቂርቆሷ | እሑድ ማታ

አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ። የእናቶቹን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ነገ ዲፓርትመንቱ ስሄድ ቤተሰብ ላይ የሚሠራ አማካሪ እንዳለ አብሬ እጠይቃለሁ። መልሱን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ሌላም የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል።